የመውጫ ሰዓት

ስምንት ዓመቴ ሳለ ከእናቴ አስበልጬ የምወዳት አንዲት ሴት ነበረች። ግቢያችን ውስጥ ካሉት ሦስት የኪራይ ክፍሎች መካከለኛውን ይዛ አምስት ወር ኖራለች። ስሜ ኮከብ ነው ስላለችን እትዬ ኮከብ እላት ነበር። እውነተኛ ስሟ ቡዜ መሆኑን፣ እኛ ግቢ የገባችውም ቤት አጥታ እንዳልሆነ ያወቅኩት ከአስራ አምስት ዓመት በኋላ ነው። የነገረኝ አባቴ ነው፤ ሊሞት ሦስት ቀን ሲቀረው።

ቤታችን አዳማ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አቧራ አንስቶ በየበሩ ሥር የሚበትንበት ሰፈር ውስጥ ነበር። አባቴ ሰንበታ የጋራ ቦሩ ተራራ ፓርክ ስካውት ነው። ፓርኩ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ተኩል ይርቃል። አስር ቀን እዚያ በር ላይ ይጠብቃል፣ አምስት ቀን ቤት ያርፋል። ሲመጣ ካኪ ልብሱ የጭስና የዝናብ ሽታ ይዞ ይመጣል። እኔም ቦት ጫማውን እየጎተትኩ አወልቅለታለሁ። ሥራው ምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ ተራራው ላይ የሚወጡትን ሰዎች ስም መጻፍ፣ ሲወርዱ ደግሞ የወረዱበትን ሰዓት መጻፍ ነው ይለኝ ነበር። በጣም ቀላል ሥራ ይመስለኝ ነበር። ለእሱም ሳይመስለው አልቀረም።

እትዬ ኮከብ በጥር ወር መጣች። ከጅዳ በቅርቡ እንደተመለሰች ተናገረች፤ አስራ አንድ ዓመት ሰው ቤት ሠርታለች። ባል የለኝም፣ ልጅም የለኝም አለች። ክፍሏ ውስጥ ፍራሽ፣ አንድ ትልቅ ሻንጣ፣ የዱቄት ወተት ቆርቆሮና በፕላስቲክ የታሸገ ተምር ብቻ ነበር። ተምሩን ፍሬውን አውጥታ በእጇ ታጎርሰኛለች። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሯ ላይ በርጩማ አስቀምጣ ትጠብቀኛለች። ጉልበቷ መሃል አስቀምጣ ሹሩባ ትሠራኛለች። እጇ የሽቶና የቫዝሊን ጠረን ነበረው። እናቴ ዱሬቲ ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ስትቸረችር ስለምትውል፣ ከቀትር በኋላ ያለው ጊዜ ሁሉ የኔና የእትዬ ኮከብ ነበር።

ብዙ ትጠይቀኛለች። እንደሷ የሚያዳምጠኝ ሰው አልነበረም። አባትሽ ሲመጣ ስንት ሰዓት ይተኛል? ይጠጣል? ስለ ሥራው ያወራል? እንቅልፍ ይወስደዋል ወይስ ይገላበጣል? እኔም የማውቀውን ሁሉ፣ ያላወቅኩትንም ጨምሬ እነግራታለሁ። አንድ ቀን ሹሩባዬን እየጨረሰች፣ "አባትሽ ከዚህ ዓለም አብልጦ የሚወደው ምንድን ነው?" አለችኝ።

"እኔን" አልኳት፣ አንገቴን ቀና አድርጌ።

"እሱማ ያስታውቃል" አለችና ሳቀች። ያስደሰትኳት መስሎኝ ልቤ ሞቀ።

እናቴ ሴትየዋን አልወደደቻትም። አንድ ምሽት ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ለአባቴ ስትነግረው ሰማሁ። ይቺ ሴትዮ ልጄን የምታይበት ዓይን ደስ አይለኝም፣ ገበያ ላይ በግ የሚያገላብጥ ሰው ነው የምትመስለው አለችው። አባቴ ደግሞ ተያት፣ ልጅ የሌላት ሴት ናት፣ አምሯት ነው አላት። በማግስቱ እትዬ ኮከብ ጋ ሄጄ፣ ከፈለግሽ እኔ ልጅሽ እሆናለሁ አልኳት።  ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች፣ በሩንም ዘጋችው። ቅር ያሰኘኋት መስሎኝ እስኪመሽ በሯ ላይ ቁጭ አልኩ።

በዚያ ዓመት ቤታችን ውስጥ በሹክሹክታ ብቻ የሚነሳ ስም ነበር፤ ቶሌራ የሚባል። ጎረቤት ሲመጣ፣ ቶሌራ ተገኘ እንዴ? ይላል። አባቴ አልተገኘም ይላል፣ ከዚያም ወሬ ይቀይራል። ፖሊስ ፈልጎ አላገኘውም፤ የሞጆ ልጆች ፈልገው አላገኙትም። እኔ ከዚህ ሁሉ የተረዳሁት አንድ ነገር ነው፤ ቶሌራ ድብብቆሽ ላይ በዓለም አቻ የሌለው ሰው ነው። እኛ ሰፈር ቢበዛ አንድ ሰዓት ሳይገኝ የቆየው የጎረቤታችን የነገሪ ልጅ ነበር፣ እሱም ጣሪያ ላይ ወጥቶ ነው። ቶሌራ ግን ወራት አልፈውት አልተገኘም።

ይህንን ለእትዬ ኮከብ ነገርኳት። ፀጉሬን እየሠራች ነበር። እጇ ቆመ። ከዚያ የያዘችውን ጉንጉን በጣም ሳበችው፣ ዓይኔ እንባ እስኪያቀር። አልጮህኩም፤ ቶሌራን ስለማውቅ የቀናች መሰለኝ።

"አንቺስ?" አለችኝ ቆይታ። "አንቺስ ጎበዝ ተደባቂ ነሽ?"

"እንደ ቶሌራ" አልኳት።

ቶሌራ ማን እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ሞጆ ቆዳ ፋብሪካ ይሠራል፤ የቆዳው ሽታ ከአፍንጫዬ የሚወጣው ተራራ ላይ ብቻ ነው እያለ፣ ፈቃድ ባገኘ ቁጥር ብቻውን ጋራ ይወጣ ነበር። ያሳደገው አጎቱ ነው። እናቱ የዓረብ አገር ሰው ቤት እያጠበች ያስተማረችው አንድ ልጇ ነበር። መስከረም 16 ቀን 1998 ዓ.ም. ጠዋት ጋራ ቦሩ ፓርክ ገባ። መዝገቡ ላይ በዚያው ቀን አስራ አንድ ሰዓት ወጣ ተብሎ ተጽፏል። ስለዚህ ማንም ተራራው ላይ አልፈለገውም። አራት ቀን ሙሉ ሞጆና አዳማ ውስጥ ተፈለገ፤ ጓደኛው ታስሮ ተመረመረ። በአምስተኛው ቀን አጎቱ አልቅሶ ለምኖ ሰዎች ወደ ተራራው ሲወጡ፣ አራት ቀን የጣለው ዝናብ ዱካውን ሁሉ አጥቦት ነበር። የጫማ ክር እንኳ አልተገኘም። እናቱ ከአሠሪዎቿ ወረቀቷን አስለቅቃ አገሯ የገባችው በታኅሣሥ መጨረሻ ነው። ስለዚህ ፓርኩ በር ላይ ያሉት ስካውቶች ፊቷን አያውቁትም ነበር።

በግንቦት፣ አንድ እሁድ፣ እትዬ ኮከብ አባቴ የሚሠራበትን ተራራ ላሳያት አለች። እናቴ አመነታች። አባቷ እኮ እዚያው ነው ስትባል ግን ፈቀደች። እትዬ ኮከብ አዲስ ሸራ ጫማ ገዛችልኝ። አውቶቡሱ ውስጥ መስኮት ዳር አስቀመጠችኝና ጉዞውን ሙሉ እጄን ይዛ፣ አንድም ቃል ሳትናገር ሄደች። እጇ ቀዝቃዛ ነበር። ደስታዋ በዝቶ ነው ብዬ አሰብኩ።

አባቴ በር ላይ ሲያየን ፊቱ በራ። ባልደረቦቹን እየጠራ፣ ይቺ ናት የኔ ልጅ እያለ አሳያቸው። ስማችንን በመዝገቡ ላይ ጻፈ፤ ሁለት ሰው፣ መግቢያ ሦስት ሰዓት። እትዬ ኮከብ እጁን እያየች ነበር፤ እስክሪብቶው የሄደበትን ሁሉ በዓይኗ ተከተለችው። ሲጨርስ፣ ጽሑፍህ ያምራል አለችው። አባቴ ተሽኮረመመ። ከአስር ሰዓት ሳታሳልፉ ውረዱ፣ ጭጋግ ይመጣል ብሎ መከረን።

ያን መንገድ ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ እወጣዋለሁ። መጀመሪያ ግራሩ፣ ቀጥሎ ቁጥቋጦው፣ ከዚያ እግር ሲረግጠው እንደ ሸክላ የሚንኳኳው ጥቁር ድንጋይ። አንዲት ሰስ፣ ያቺ ትንሽ የገደል ሚዳቋ፣ ቋጥኝ ጫፍ ላይ አራት እግሯን ሰብስባ ቆማ አየችን። ብርቱካን ላጠችልኝ። ሲደክመኝ አዘለችኝ። ከጫፉ ሳንደርስ አንድ ትልቅ ቋጥኝ ሥር፣ እኔን የመሰለ ልጅ ብቻ የሚያስገባ ጉድጓድ አገኘን። ውስጡ ደረቅ ነው፤ የሽኮኮ ጠረን አለው። እዚህ ድብብቆሽ እንጫወት አለችኝ።

"ደንቡን ልንገርሽ" አለች ተንበርክካ። "ማንም ቢጠራሽ አትውጪ። እኔ ራሴ መጥቼ 'ነጋ!' ካላልኩሽ እንዳትወጪ፣ እንዳትናገሪ። አባትሽም ቢጠራሽ።"

"አባዬም ይጫወታል?"

"እሱ ነው ፈላጊው።"

ይህን ስሰማ ደስታዬ ወሰን አጣ። አባቴ በሥራ ሰዓቱ ከእኔ ጋር ተጫውቶ አያውቅም። የቀረውን ዳቦና አንድ ላስቲክ ውሃ ሰጠችኝና ገባሁ። እሷም ዞራ፣ "ኩኩሉ!" አለች። "አልነጋም!" አልኩ። "ኩኩሉ!" ከራቀ ቦታ ተሰማ። "አልነጋም!" ሦስተኛው በጣም ሩቅ ነበር። ከዚያ ዝም ሆነ።

ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም። አልፈራሁም። ይህን ደጋግሜ ራሴን ጠይቄዋለሁ፤ አንዲት ደቂቃ እንኳ አልፈራሁም። እትዬ ኮከብ ትመጣለች፤ አባዬ እየፈለገኝ ነው፤ ከቶሌራ ጋር እየተወዳደርኩ ነው። አንዲት ሽኮኮ መጥታ የዳቦዬን ፍርፋሪ ከእግሬ ሥር ለቀመች። በክንዴ ላይ ተደግፌ አንቀላፋሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ ተኝቼ አላውቅም።

እኔ በተኛሁበት ሰዓት በሩ ላይ የሆነውን አባቴ በአልጋው ላይ ሆኖ ነው የነገረኝ። ሴትየዋ ከሩቅ በመንገዱ ስትወርድ አያት። ሰዓቱን ተመለከተ፣ አስር ሊሆን ነው። መዝገቡን ሳበና እጁ የለመደውን አደረገ፤ ሁለት ሰው፣ መውጫ አስር ሰዓት። ቀና ሲል ሴትየዋ ፊቱ ቆማለች። ብቻዋን ናት።

"እስቲ መዝገቡን አንብብልኝ" አለችው። "እስቲ ልጅህ ስንት ሰዓት ወጣች?"

እኔን የቀሰቀሰኝ ጩኸቱ ነው። ስሜን ይጠራል፤ ሜቲ፣ ሜቲዬ ይላል። ድምፁ እንደ ልጅ ድምፅ ቀጥኗል። በቋጥኙ ስንጥቅ ቦት ጫማውን አየሁት፤ ጭጋጉ እስከ ጉልበቱ ወርዷል። ሳቄ እንዳያመልጠኝ የቀሚሴን ጫፍ አፌ ውስጥ ወተፍኩ። ከኋላው የእትዬ ኮከብን ጫማ አየሁ። አትቸኩልም።

"በእግዜር ይዤሻለሁ" አለ አባቴ። "የት አስቀመጥሻት?"

"እኔ ምን አውቄ። መዝገብህ በአስር ሰዓት ወጥታለች ይላል።"

"ሊመሽ ነው። ጅብ አለ እዚህ።"

"ያኔም ነበር።"

 ጫማዎቹ አልተነቃነቁም። ከዚያ አባቴ በጣም ቀስ ብሎ፣ "እናቱ ነሽ" አለ። የማን እናት እንደሆነች አልገባኝም። የጨዋታው ክፍል መሰለኝ።

"ሲወጣ አይተኸዋል?" አለችው።

"አስራ አንድ ሰዓት..."

"የጻፍከውን አይደለም የጠየቅኩህ። ሲወጣ አይተኸዋል?"

አባቴ መሬት ላይ ቁጭ ሲል አየሁት። አላየሁትም አለ። ድገመው አለችው፣ ደገመው። ባልደረባዬ ለበዓሉ ቀድሞ ሄዶ ነበር፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጻፍኩና በሩን ዘግቼ ወረድኩ፣ የመጨረሻው መኪና ሊያመልጠኝ ነበር አለ። ልጄን ደመራ ላሳያት ቃል ገብቼላት ነበር አለ።

ደመራ ሲል ሰማሁና ፈገግ አልኩ። ያን ምሽት አስታውሰዋለሁ፤ አደባባዩ ላይ በትከሻው ተሸክሞኝ እሳቱን አይቻለሁ። አባቴ ስለ እኔ እያወራላት ነው ብዬ ኮራሁ። ያ እሳት ሲነድ ቶሌራ ምናልባት እግሩ ተሰብሮ፣ ምናልባት ከገደሉ ሥር ሆኖ፣ መብራት ይዘው ይመጡልኛል ብሎ እየጠበቀ ነበር። ምናልባትም ሞቶ ነበር። ማንም አያውቅም።

እትዬ ኮከብ፣ ነገ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ሄደህ አሁን ባልከው ቃል ትናገራለህ አለችው። አዎ አለ። ማል አለችው።

"ሜቲ ትሙት" አለ አባቴ።

"በእሷ አትማል" አለች። "እሷ ገና አልተገኘችም።"

በእናቱ መቃብር ማለ። ከዚያ ብዙ ቆይታ፣ እኔ የጠበቅኩትን ቃል ጮክ ብላ ጠራች፤ ነጋ አለች። እኔም አቧራዬን እያራገፍኩ በሩጫ ወጣሁ። አባቴ አፈፍ አድርጎ ያዘኝና የጎድን አጥንቴ እስኪያመኝ አቀፈኝ፣ እንደ ሕፃንም አለቀሰ። በመሸነፉ ነው ብዬ አፈርኩለት። በትከሻው በኩል እትዬ ኮከብን አየኋትና አሸነፍኩ? አልኳት። አሸነፍሽ አለችኝ፣ ሳታየኝ። ከዚያ ዞራ በጭጋጉ ውስጥ ቀድማን ወረደች።

በማግስቱ ክፍሏ ባዶ ነበር። ፍራሹ ብቻ ተጠቅልሎ ግድግዳው ጋ ቆሟል። አባቴ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ አልተመለሰም። ስምንት ወር ታሰረ፣ ከሥራው ተባረረ። ተራራው እንደገና ተፈተሸ፤ አሁንም ምንም አልተገኘም። እናቴ ምን እንደሆነ አልነገረችኝም። እኔ ግን በራሴ ሂሳብ ደረስኩበት፤ አባቴ ተራራው ላይ ከእትዬ ኮከብ ጋር ተጣልቶ አባሯታል፣ ስለዚህም ታሰረ። ይበለው አልኩ። ከእስር ሲወጣ አባዬ ብዬ እንደማልጠራው ለራሴ ማልኩ።

ልጅ ቂም ሲይዝ እንዴት እንደሚይዝ አዋቂዎች አያውቁም። ምግቡን አቀርብለታለሁ፣ ፊቱን አላየውም። ሲጠራኝ እሄዳለሁ፣ አልመልስለትም። ቀን ቀን ሐብሐብ የሚጫንበት መጋዘን ሸክም ሠርቶ ሲመጣ ቦት ጫማውን ራሱ ያወልቃል። እናቴ ልትቆጣኝ ስትል፣ ተያት ይላታል። ከንፈሩን ነክሶ ተያት ይላል። ለምን እንዳልነገረኝ ስጠይቀው አልጋው ላይ ሆኖ የመለሰልኝ እንዲህ ነው፦

"ከነገርኩሽ ሴትየዋን ትጠያት ነበር። ደግሞ ያደረገችብኝ ሲያንሰኝ ነው።"

አባዬ አልኩት ያን ቀን። ሦስት ቀን ጠራሁት። አስራ አምስት ዓመት ሙሉ ያልጠራሁትን በሦስት ቀን ልጨርሰው ሞከርኩ። ከቀብሩ ስንመለስ አንድ ነገር ገባኝ፤ ሴትየዋ የአባቴን ልጅ ተራራው ላይ ልትተው ወጥታ ሐሳቧን የቀየረች መስሎኝ ነበር። አልቀየረችም። አስራ አምስት ዓመት ሙሉ ከአባቴ ወስዳኝ ነበር። ራሴን ተሸክሜ የሄድኩላት ደግሞ እኔው ነበርኩ።

የቶሌራን አጎት ሞጆ ድረስ ሄጄ አገኘሁት፤ ቡልቡላ እንደምትኖር ነገረኝ። ለመሄድ ሌላ አራት ዓመት ፈጀብኝ። የሄድኩት ባለፈው ጥቅምት ነው። ዋናው መንገድ ዳር፣ በማዳበሪያ የተሞላ ሽንኩርት የተደረደረበት ትንሽ ሱቅ አላት። ከአስፋልቱ ማዶ ረጃጅሞቹ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ እንደ ሽማግሌ አጎንብሰው ቆሻሻ ይለቅማሉ። ሰባ ዓመት አልፏታል። ስቀርብ ዓይኗን አጥብባ አየችኝና፣ "ሜቲ" አለች። በርጩማ አወጣችልኝ። ለስላሳ ከፈተችልኝ፤ አልነካሁትም።

ድሮ አንቺ የምላትን ሴት እርስዎ አልኳት። አባቴ መሞቱን ነገርኳት። ሰምቻለሁ አለች፣ ነፍስ ይማር አላለችም። ይቅር ብለውት ነበር? አልኳት። "አላልኩም" አለች። "ዛሬም አላልኩም። ልለውም አይገባኝም።" ድምፏ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ የሽንኩርት ዋጋ የምትናገር ነው የሚመስለው።

"እሱ እውነቱን ባይናገር ኖሮ ነጋ ብለው ይጠሩኝ ነበር?"

ያልነካሁትን ለስላሳ ወደ እኔ አስጠጋችው።

"ብቻዬን እወርድ ነበር" አለች።

ልጠይቅ የመጣሁትን ጠይቄ ጨረስኩ። ልነሳ ስል በእጇ ቀሚሴን ያዘችኝ። እጇ ደርቋል፣ ጅማቷ ወጥቷል። ያን ዕለት እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ብቻሽን ስትሆኚ ምን ተሰማሽ፣ ብላ ጠየቀችኝ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ይህን የሚነግረኝ ሰው አጣሁ አለች። ከዚያ ተራራ ላይ ብቻውን ቀርቶ የተመለሰ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ አለች።

"ፈርተሽ ነበር?"

የማንን ፍርሃት እንደምትጠይቀኝ ገባኝ። እውነቱ ደግሞ አፌ ላይ ነበር። አልፈራሁም፣ ደስ ብሎኝ ተኝቼ ነበር ብላት፣ ያቺ ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ልጇን በሰላም ተኝቶ ታየው ነበር። አባቴን አሰብኩ። ራሱ የሚያወልቀውን ቦት ጫማ አሰብኩ።

"በጣም ፈርቼ ነበር" አልኳት።

እጇ ቀሚሴን ለቀቀ። "ምን አደረግሽ ታዲያ?"

"እናቴን ጠራሁ። ድምፄ እስኪዘጋ ጠራኋት።"

 እጇን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና ከመንገዱ ማዶ ማየት ጀመረች። ደንበኛ መጥቶ ሁለት ኪሎ ቲማቲም አላት፤ አልሰማችውም። ተነስቼ ወደ አዳማ የሚሄድ መኪና ያዝኩ። ዝዋይ እስክንደርስ ደስ ያለኝ መስሎኝ ነበር። እስከ ሞጆም መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ፣ ሴትየዋ አርጅታለች፣ ሳትሞት ሄደሽ እውነቱን ንገሪያት እላለሁ ለራሴ። ቡልቡላ ከአዳማ ሦስት ሰዓት አይሞላም፤ መኪናም በየደቂቃው ነው። እስካሁን አልሄድኩም።